በግንቦት ሙቀት ሹራብ የለበሰችው ልጅ

ድሬዳዋን በግንቦት የሚያውቃት ያውቃታል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ይፋጃል። ሰው ከዚራ ዛፎች ሥር ይጠለላል፤ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል። እኔ በማስተምርበት ክፍል ግን አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እጅጌው ረጅም፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ትቀመጥ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ናት፣ ሁለተኛ ክፍል። ላቡ በግንባሯ ይወርዳል፤ ሹራቡን ግን አታወልቅም።

አንድ ቀን «አይሞቅሽም እንዴ?» አልኳት።

«ይበርደኛል ቲቸር» አለችኝ።

መልሷን ተቀብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልጅቷ ሁለት ጊዜ ተጎድታለች። ይህን በኋላ ከሐኪሙ ወረቀት ላይ አነበብኩት።

ጉዳዩን የምጽፈው እናቷ ፈቅዳልኝ ነው። ልጅቷን ሊያስለይ የሚችል ነገር አውጥቻለሁ። ቀበሌውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ዓመቱን አልናገርም። የቀረው እንደሆነው ነው።

ልጅቷ የመጣችው ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ነው። አባቷ ሞቷል። የአባቷ እህት ድሬዳዋ ትኖራለች፤ ለለቅሶ ሄዳ «ስጡኝ፣ ላስተምራት» ብላ ይዛት መጣች። ይህ በእኛ አገር የተከበረ ነገር ነው። እኔም ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ከራሷ ልጆች ለይታ አይታኝ አታውቅም። አሁን ሳስበው፣ ቶሎ ያልጠረጠርኩት በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። «አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው» ሲሉኝ ልቤ ያረፈው የራሴን አክስት እያሰብኩ ነበር።

የዚህች ልጅ አክስት ታይዋን ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ጅቡቲ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ሦስት ልጆች አሏት፤ የመጨረሻው ገና ጡት አልጣለም ነበር። አንድ ጊዜ በዱቤ ያመጣችው ዕቃ ኬላ ላይ ተይዞባት ከዕዳ ጋር ቀረች። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሴትየዋ ጭራቅ እንዳልነበረች እንድታውቁ ነው። ገበያ ውስጥ ሳቂታ ናት ይሏታል። ለእድር ቀድማ የምትከፍል፣ ለታመመ ሾርባ የምትወስድ ሴት ናት። ችግሯ ከባድ ነበር። የችግሩ ዱላ ያረፈው ግን በቤቱ ውስጥ ማንም የማይጠይቅላት ልጅ ላይ ነው።

የልጅቷ ቀን እንዲህ ነበር። ሳይነጋ ትነሳለች። በጄሪካን ውኃ ትቀዳለች። ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃኑን ታዝላለች፣ ምሳ ትሠራለች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። ማታ ዳቦ ትገዛለች፣ ልብስ ታጥባለች። የምትተኛው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። በ2011 የወጣው የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን የቤት ውስጥ ሥራ ከአዋጁ ውጭ የተተወ ነው። ዘመድ ደግሞ ጭራሽ ሠራተኛም አይባልም። ደሞዝ ስለሌላት ሠራተኛ አይደለችም። ልጅ ናት ይባላል፤ እንደ ልጅ ግን አልተያዘችም።

ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ነበር

ጉዳዩ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር አደረግሁ። ማን ምን ያውቅ እንደነበር እየዞርኩ ጠየቅሁ። ለመክሰስ አይደለም፤ እንዴት እንደተሰወረብን ለመረዳት ነው።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሳምንት ሦስት ቀን እንደምታረፍድ ያውቃል። እጇ ላይ የጄሪካን ገመድ የሠራውን ምልክት አይቷል። «አዝንላትና ሳልቆጣት አስገባት ነበር» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን በሩ ላይ አበቃ። ባለሱቁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻዋን ዳቦ ልትገዛ እንደምትመጣ ያውቃል። አንድ ሌሊት ባዶ እግሯን መጥታ ዝም ብላ ቆማ እንደነበርም ያስታውሳል። የግቢው ተከራዮች ጩኸቱን ይሰሙ ነበር። ድሬ ላይ በሙቀት ጊዜ ሰው ውጭ ምንጣፍ ዘርግቶ ነው የሚያመሸው፤ የሚሰማ ነገር አይደበቅም። አንዷ ተከራይ «ሬዲዮውን ከፍ አደርገው ነበር» አለችኝ። ይህን ስትለኝ አለቀሰች። አከራይዋ ደግሞ አንድ ጊዜ ልትናገር ሄዳ «ልጄን አትቅጪ ትይኛለሽ?» ተብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

እኔ ሹራቡን አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደሚጥላት አውቃለሁ። እስክሪብቶ ስትይዝ ሁለት ጣቶቿን እንደማታጥፍም አይቻለሁ።

እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ማርፈድ ምንድን ነው? ዳቦ መግዛትስ? በአንድ ሰው እጅ ቢሰበሰቡ ኖሮ ግን ለመጠርጠር ከበቂ በላይ ነበሩ። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። እዚህ ግቢ ውስጥ ነቅዟል።

ሹሩባ ሠሪዋ

ዝምታውን የሰበረችው ያልተማረች የሰፈር ሹሩባ ሠሪ ናት። የልጅቷ አክስት ለሠርግ ልትሄድ ልጆቹን ሁሉ ፀጉር እንድትሠራቸው ልካቸው ነበር፤ ይህችም ከነሱ ጋር መጣች። ሹሩባ ሠሪዋ ፀጉሯን ስትከፍለው የራስ ቅሏ ላይ የዳነና ያልዳነ ቁስል አየች። ልጅቷ ማበጠሪያውን ልታቀብላት እጇን ስትዘረጋ ደግሞ እጅጌው ተሰበሰበ።

ያደረገችውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብላ አልጮኸችም። ሌሎቹን ልጆች ለስላሳ ግዙ ብላ ላከቻቸው። ሻይ ቀዳችላት። ከዚያ በኦሮምኛ «አመመሽ?» ብቻ አለቻት። ልጅቷ ድሬዳዋ ከመጣች ጀምሮ ስለ ራሷ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ተናገረች። 50 ብር ጠፍቶ ነበር። ማንኪያ እሳት ላይ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በፊትም ሌላ ነበር።

ልጅቷ ስትጨርስ «ለማንም አትንገሪ» አለቻት። ሹሩባ ሠሪዋ የሰጠችውን መልስ በየመምህራን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ብጽፈው እወዳለሁ፤ «ዝም አልልም። የምነግራትን ሰው ግን አንቺም ታውቂያታለሽ። ቲቸርሽ ናት።» የማትጠብቀውን ቃል አልገባችላትም። ልጅቷ ሳታውቅም ነገሩን አላወጣችውም። በዚህ ጉዳይ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው። እሷ ከየትም አልተማረችውም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። የት እንደሚኬድ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላውቅም ነበር። በስንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ይህን ያስተማረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ስህተቴ

የመጀመሪያው ስህተቴ ሦስቱ ሳምንታት ናቸው። ሁለተኛውን የሠራሁት በዚያው ሰኞ ነው። ልጅቷን ርዕሰ መምህሩና ሁለት መምህራን ባሉበት ቢሮ አስጠራኋት። አራት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ልጅ። «ንገሪያቸው፣ አይዞሽ» አልኳት። ልጅቷ ወለሉን እያየች «ወድቄ ነው» አለች። እንደገና ጠየቅናት፤ «ወድቄ ነው።» ሦስተኛ ጊዜ ስንጠይቃት እሷም ያመነችው መሰለ።

ልጅ ደጋግሞ ሲጠየቅ መልሱ የተሳሳተ ይመስለዋል። ሰዎቹ የሚፈልጉትን መልስ መፈለግ ይጀምራል፤ ወይም አፉን ይዘጋል። አንድ ጊዜ ለሚያምነው ሰው ከተናገረ፣ ያን ቃል እንዳለ በራሱ አነጋገር ጽፎ፣ ቀንና ሰዓት አስፍሮ፣ ሥራው ለሆነ ሰው ማስተላለፍ ይበቃል። መርማሪ መሆን የመምህር ሥራ አይደለም። ሹሩባ ሠሪዋ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ጻፍኩት። ይህች አንዲት ገጽ ኋላ በጣም ጠቀመች።

በዚያው ቀን ከሰዓት የቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ጋ ሄድን፤ ከእሷ ጋር ደግሞ ፖሊስ ጋ። ብዙ ሰው «ዐይኔ ያላየውን እንዴት እከሳለሁ?» ይላል። ማመልከትና መክሰስ ግን ይለያያሉ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ወንጀል ሲሠራ ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ማጣራቱ የመንግሥት ሥራ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ጉዳዩ ሊሞት አንድ ፀጉር ቀርቶት ነበር። ቃል ተቀባዩ ኦሮምኛ አይችልም። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትፈራ አይወጣላትም። አክስቷም ተጠርታ መጥታለች፤ አንድ የግቢው ሰው አብሯት መጥቷል። ሰውየው «እኔ ላስተርጉም» አለ። ደግነት መሰለንና ዝም አልን። ልጅቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ሰውየው «ወድቃ ነው የምትለው» አለ። ተጻፈ። አሻራ ልትፈርም ስትል ሹሩባ ሠሪዋ ከኋላ ተነሳች። «አቦ! እንደዛ አላለችም!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ያለችው «ውሸት ከተናገርኩ አዳዳዬ ትቆጣኛለች፣ እውነት ከተናገርኩም ትቆጣኛለች» ነበር። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት።

ድሬ ሦስት አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው በየመንገዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። አስተርጓሚ አጥተን አልነበረም። የልጅቷ ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ ሳንጠይቅ ቀርተን ነው። በማግስቱ ኦሮምኛ የምትናገር ሴት ፖሊስና ሶሻል ወርከር ባሉበት፣ አክስቷ በሌለችበት፣ በትንሽ ክፍል እንደገና ተጠየቀች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አንድም ጊዜ «ወድቄ ነው» አላለችም።

ሐኪሙም የራሱን ተናገረ። የሚጫወት ልጅ ሲወድቅ የሚጎዳው ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ግንባሩ፣ ክርኑ ነው። የእሷ ጉዳት ጀርባዋ፣ የላይኛው ክንዷና የጆሮዋ ዙሪያ ላይ ነበር። የተደፋ ፈሳሽ ያቃጠለው ቆዳ ጠርዙ ተዘርግቶ የተዘበራረቀ ይሆናል። የእጇ ጠባሳ ግን የዕቃውን ቅርፅ ይዞ ነበር። አንዱ የሳምንት፣ ሌላው የወራት ዕድሜ ነበረው። ሐኪሙ እያንዳንዱን በሥዕል ላይ ምልክት አድርጎ ጻፈው። «ወድቃ ነው» የሚለው ቃል በዚህ ወረቀት ፊት ሊቆም አልቻለም።

ሽማግሌዎቹ

በሦስተኛው ቀን ምሽት አራት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ከመካከላቸው ሁለቱን አከብራቸዋለሁ፤ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ቡና አፈላሁ።

«ልጄ፣ የቤት ገመና ነው» አሉ ታላቁ። «ሴትየዋ አጥፍታለች። ይቅርታ ትጠይቅ። ለልጅቷ ልብስ ትግዛ፣ ለእናቷም ትንሽ ነገር ትላክ። ልጅቷ አገሯ ትመለስ። ሦስት ሕፃናት እናታቸው ብትታሰር ማን ያበላቸዋል?»

ጥያቄው ከልብ ነበር። እኔንም ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። በእኛ አካባቢ ስንት ደም ያደረቀ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሽምግልና ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሚናገሩበት፣ ሁለቱም እምቢ ሊሉ የሚችሉበት። ይህች ልጅ ምንጣፉ ላይ ቦታ አልነበራትም።

«አባቴ፣ ልጅቷን ጠይቃችኋታል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ትንሹ ሽማግሌ «ልጅ ምን ይጠየቃል» አሉ። ታላቁ ግን ስኒውን አስቀምጠው «አልጠየቅናትም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እጇ ይድናል?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ ላይታጠፉ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። እኚህ አባት ሁለተኛ አልተመለሱም። በችሎቱ ቀን ግን መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

በዚያ ሳምንት ከሁሉ በላይ የሰማሁት ክርክር «ልጅ ካልተቀጣ እንዴት ያድጋል?» የሚለው ነው። ሕጉን አምጥቼ ከጎረቤት ጋር አነበብን። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576፣ ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢያንገላታው፣ ቢደበድበው፣ ችላ ቢለው ወይም ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት ያስቀጣል ይላል። በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም አእምሮ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከአንድ ዓመት የማያንስ እስራት ነው፤ የቤተሰብ መብትም ይነጠቃል። ያው አንቀጽ ሕጋዊና ተገቢ የሆነ ተግሣጽን አይመለከትም። ሰው ሁሉ የሚይዘው ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ነው። የጋለ ማንኪያ በየትኛው ቤት ተግሣጽ ይባላል? በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና ልጅ በሚያድግበት ተቋም የአካል ቅጣትን ከልክሏል። የልጁ ደኅንነት ይቅደም የሚለውም እዚያው ነው። እኔ በግሌ ልጅ መምታትን በምንም መልኩ አልቀበልም። አለንጋ ሰቅሎ የኖረ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርቼ፣ አንድም ልጅ በአለንጋ ማንበብ ሲችል አላየሁም።

ከዚያ በኋላ

ልጅቷ ሁለት ሳምንት በጊዜያዊ ማቆያ ቆየች። እናቷ ከገጠር መጣች። ስታያት አልጮኸችም። እጇን ያዘች፣ ገለበጠችው፣ መለሰችው። ልጅቷ መጀመሪያ ያለቻት «ስኳሩ ይቀራል?» ነው። አክስቷ በየሁለት ወሩ ለእናቷ ስኳርና ዘይት ትልክ ነበር። ለዚህ ነበር ዝም ያለችው። የ11 ዓመት ልጅ የቤተሰብ ቀለብ ተሸክማ ነበር።

«ወደ እናቷ ትመለስ» ማለት ቀላል ነበር። የገጠሩ ቤት ግን ከትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ መጀመሪያ ያስወጣት ችግር እዚያው አለ። ሶሻል ወርከሯ አልቸኮለችም። የእናቷ ወንድም አወዳይ ከተማ ይኖራል። ቤቱ ድረስ ሄዳ ሚስቱን አነጋገረች፣ ልጆቹን ለብቻቸው አነጋገረች፣ የት እንደምትተኛ አየች። ከዚያ ነው የተወሰነው። በየወሩ ክትትል እንዲደረግም ተጻፈ።

ክሱ በአንቀጽ 576 ከባዱ ክፍል ቀረበ። ልጅቷ አክስቷን ፊት ለፊት ሳታይ፣ በሌላ ክፍል በካሜራ ሆና መሰከረች። የዳኛውን ጥያቄ ሶሻል ወርከሯ በልጅ ቋንቋ ታቀርብላት ነበር። በኦሮምኛ። አክስቷ ጥፋተኛ ተባለች፤ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። ልጆቹን አያታቸው ወሰደቻቸው። ይህ ክፍል ደስ አይልም። ደስ ይላል ብዬ አልጽፍም። ሦስቱ ልጆች ምንም አላጠፉም። አከራይዋ የመጀመሪያ ቀን በተናገረች ጊዜ ሰሚ ብታገኝ፣ ወይም እኔ በሹራቡ ቀን አጥብቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ ነገሩ በምክርና በክትትል ሊያልቅ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ዝምታው ለአክስቷም አልጠቀማትም።

በትምህርት ቤታችን አንድ ትንሽ ነገር ተለውጧል። ጥበቃው ደብተር ይዟል። የሚያረፍድን ልጅ ስም ይጽፋል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ለእኔ ይሰጠኛል። አብዛኛው እንቅልፍ ነው። ሁለቱ ግን እንቅልፍ አልነበሩም።

በሚያዝያ አወዳይ ሄድኩ። ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ባለታክሲው መስኮት ዘጋ። ልጅቷ ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች። ሻይ አቀረበችልኝ፤ ስኒውን በሦስት ጣት ነው የምትይዘው። ደብተሯን አሳየችኝ። ስለ ፍርዱ አልጠየቀችኝም። ስለ አክስቷም አላነሳችም። ልሄድ ስነሳ ግን ተከትላኝ ወጣችና «ቲቸር፣ ሕፃኑን ማን ያዝለዋል?» አለችኝ።

«አያቱ ጋ ነው» አልኳት።

«አያቱን እንጃ ቲቸር፣ ጀርባዋን ያማታል» አለች። «ሲያዝሉት ቀኝ ጆሮውን ካላሹለት አይተኛም።»

ድሬ እንደተመለስኩ በማግስቱ አያትየዋ ጋ ሄድኩ። ሕፃኑ ግድግዳ ይዞ ቆሟል። የልጅቷን ስም ስጠራለት ዞር ብሎ በሩን አየ። ስለ ቀኝ ጆሮው ለአያቱ ነገርኳቸው።